ለገሃር ከከተማ ዳር ነበር

በእኛ በጋይንት “ባቡር” ማለት የእህል ወፍጮ ነው። ልጅ ሆኜ ጎረቤት መጥቶ “እናትሽ የታለች?” ሲለኝ “ባቡር ወርዳለች” እል ነበር። ጠያቂውም እናቴ እህሏን በአህያ ጭና ልታስፈጭ መሄዷን ተረድቶ ይመለሳል። ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ ይጨሳል፣ ከሩቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ባቡር ነው። “ጣቢያ” ደግሞ ለእኔ ጤና ጣቢያ ነው። መርፌ የቀቀልኩበት፣ እናቶችን ያዋለድኩበት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ደመወዝ የበላሁበት ቤት ስሙ ጣቢያ ነበር። ሁለቱ ቃላት ተገጣጥመው ሌላ ነገር ሲሆኑ ያየሁት ለነርስነት ትምህርት አዲስ አበባ ስመጣ ነው፤ ለገሃር።

ዛሬ ስለዚህ ቦታ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የልጅ ልጄ ነው። በቀላል ባቡር አብረን ስንሄድ የፌርማታውን ስም አነበበና “እማማ፣ ለገሃር ምን ማለት ነው?” አለኝ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት “የቦታ ስም ነዋ፤ እንደ ለገጣፎ፣ እንደ ለገዳዲ” ብለው መለሱለት። አባባላቸው አይፈረድበትም። በኦሮምኛ ወንዝን የሚያመለክተው “ለገ” በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ስሞች መግቢያ ላይ ስለሚገኝ ጆሯችን ለምዶታል። ይኼኛው ግን ከወንዝ ጋር ዝምድና የለውም። ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን “ላ ጋር” ይላሉ። ያንኑ የአገራችን ሰው በአፉ አለስልሶ ለገሃር አደረገው። “ለገሃር ጣቢያ” ስንል እንግዲህ “ጣቢያ ጣቢያ” ማለታችን ነው።

ልጁ በዚህ አልረካም። “ታዲያ ባቡሩ የት አለ?” አለ። የተሳፈርንበትን አረንጓዴና ነጭ ባቡር ማለቱ እንዳልሆነ ገባኝ። ያንን ለመመለስ ከአንድ ፌርማታ በላይ ያስፈልጋል።

ነገሩን ከአገሬ ልጀምረው። ባቡር ጋይንትን ረግጦ አያውቅም፤ ስማዳንም እስቴንም እንዲሁ። ነገር ግን በዚህ የአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተዘረጋው ሐዲድ ከእኛ መንገድ ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጋፋት ላይ ያስቀረጹት ሴባስቶፖል፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ፣ በሠረገላ ተጭኖ በሰው ጉልበት ይጎተት ነበር። ጋይንትን አልፎ፣ ጨጨሆን ወጥቶ፣ ዋድላን ተሻግሮ፣ በጅጣና በበሽሎ ገደል ወርዶ እስኪወጣ ድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። ጨጨሆን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ዳገቱ ባዶ እጅ የሄደንም ሰው ያስነፍጣል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ያስጠርጉ ነበር ይባላል።

ያው ሰሞን እንግሊዞች ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርደው፣ ለሠራዊታቸው ስንቅ ማመላለሻ ከሕንድ አገር ባመጡት ሐዲድ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የባቡር መስመር ዘረጉ። የሚሄዱት ቴዎድሮስን ፍለጋ ነበር። በአንድ ወገን መድፍ በገመድ ሲጎተት፣ በሌላ ወገን በእንፋሎት የሚነዳ ባቡር ስንቅ ይጭናል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግሊዞቹ ጦርነቱ ሲያበቃ ሐዲዱንም ነቅለው ወሰዱት። የእኛ ሰው ባቡርን መጀመሪያ ያወቀው በጠላት እጅ ሆኖ ነው።

አፄ ምኒልክ ይህን ሳያስቡት የቀሩ አይመስለኝም። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ወጪው ስለከበደ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ የተወለደችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ማን ይዘዝበት በሚል ተጓተቱ።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረባዬን ላንሣ። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር ፈቃድ በ1900 ዓ.ም. የተሰጠው በአንድ ሐኪም ስም ነው። ዶክተር ዮሴፍ ቪታሊያን ይባላሉ። የካሪቢያኗ የጓዴሎፕ ደሴት ተወላጅ፣ ጥቁር ሰው፣ የአፄ ምኒልክ የግል ሐኪም ነበሩ። ንጉሡ የሚያምኑት ሐኪማቸውን ኖሯል። ሐኪም የባቡር ፈቃድ ማውጣቱ ለዛሬ ሰው እንግዳ ቢሆንም፣ ታማሚው ንጉሠ ነገሥት ሲሆን አልጋው አጠገብ የሚነገረው ስለ ትኩሳት ብቻ አይደለም።

ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፣ ናዝሬትንና ሞጆን አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ። አቃቂ ከአዲስ አበባ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም ሁለት ዓመት እዚያው ቆመ። ለሁለት ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ባቡር ጣቢያ አቃቂ ነበር ማለት ነው። ዕቃው እዚያ ይራገፋል፣ በበቅሎና በጋሪ ወደ ከተማ ይወጣል። የልጅ ኢያሱ ከዙፋን መውረድ፣ የሰገሌ ጦርነት፣ የንግሥት ዘውዲቱ መንገሥ ሁሉ የሆነው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ በመጨረሻ አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ ባሕር ጠለል ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ወጣ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ አንድ ልጅ በአንድ እርምጃ ሊዘለው ይችላል።

የቆመበት ቦታ ግን ከተማ አልነበረም። የዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ማለት ግቢና አራዳ ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ጊዮርጊስ፣ ገበያው ሁሉ ላይ ናቸው። ጣቢያው የተተከለው ከዚያ በታች፣ በደቡብ በኩል ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከተማው ቀስ በቀስ ቁልቁል ወርዶ ደረሰበት። ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል እስከ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳናን ያየ ሰው፣ ጣቢያውና ከተማው እጅ ለእጅ ለመያያዝ ምን ያህል እንደተዘረጉ ያያል። ልጆቻችሁን ስታስጎበኙ ከላይ ጀምራችሁ በእግር ብትወርዱ ይሻላል። ቁልቁለት ስለሆነ ለእኛ ጉልበትም አይከብድም።

አሁን ደግሞ እንደ ነርስ ልናገር። ጣቢያ በር ነው፤ በር ደግሞ የሚገባበትን አይመርጥም። ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ በዓመት ተመንፈቁ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ ከተማዋን አጨዳት። ይህ በዓለም ሁሉ የተነሣው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ያዳረሱት፣ በመርከብ ከወደብ ወደብ የሄደ በሽታ ነው። ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር የሚወጣው ዋናው መንገድ ያኔ ባቡሩ ነበርና፣ በሽታውም በዚያው መስመር እንደወጣ ይገመታል። ቀድሞ ነጋዴ ከባሕር እስከ አዲስ አበባ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። የታመመ ሰው ቢኖር በመንገድ ላይ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፤ በሽታውም አብሮት ያልቃል። በባቡር ግን ሰው ሳያስለው ተሳፍሮ እያሳለው ይወርዳል። ሩቅ አገር በቀናት ሲቀርብ የሩቅ አገር በሽታም ይቀርባል።

በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው አሥር ሺህ ያህል እንደሚሆን የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታምመው ከሞት ተርፈዋል። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም በበሽታው የሞቱ አሉ። ቀባሪ ታጣ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጤሰው፣ “ኅዳር ሲታጠን” የምንለው፣ ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ የሚታወስ ልማድ ነው። እንደ ጤና ባለሙያ ማጠኑ ኢንፍሉዌንዛን እንደማያቆመው ልንገራችሁ፤ በሽታው በትንፋሽ እንጂ በጉድፍ አይተላለፍም። እንዲያውም ጭሱ አስም ላለባቸው ልጆችና አረጋውያን ጠንቅ ነው። ግቢ መጥረጉ ግን ለሌላ ብዙ በሽታ ስለሚበጅ እሱን አታስቀሩት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ሲገባ በሩ ለገሃር ሳይሆን ቦሌ ነበር። አሠራሩ ግን ያው የአያቶቻችን ዘመን አሠራር ነው፤ እንዲያውም ፈጣኑ በር በቀናት ሳይሆን በሰዓታት አስገባው።

በዚያው በር መድኃኒቱም ገብቷል። ኪኒኑ፣ የቀዶ ጥገና ዕቃው፣ የሐኪም ቤት አልጋው፣ የቆርቆሮ ክዳኑ ሳይቀር ከባሕር ማዶ የመጣው በዚህ ሐዲድ ላይ ነው። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መመለስ አይቻልም ነበር።

አሁን የምናየው ሕንፃ ባቡሩ ከገባ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የተሠራ ነው። በ1922 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተመረቀ፤ ንድፉን ያወጣው ፈረንሳዊው ባሪያ ነው። ያኔ በከተማዋ ከነበሩት ቤቶች አንጻር ትልቅ ነገር ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ፣ ከፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተተከለ። ከአውሮፓና ከሌላውም ዓለም ለንግሥ በዓል የመጡት መሳፍንትና መልእክተኞች የወረዱት በዚህ ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያ እንግዳዋን የምትቀበልበት ደጅ ለገሃር ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ሳይቆይ ደጁ የመውጫም ደጅ ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በዚሁ መስመር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ባቡሩ አቃቂን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ከተማዋ ያለ ጠባቂ ቀረች፤ ዘረፋውና እሳቱ ተከተለ። በሦስተኛው ቀን የጣሊያን ጦር ገባ። ጣሊያኖች አንበሳውን ነቅለው ሮም ወሰዱት። በ1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ከዚያ አንበሳ ፊት ሲደርስ ያደረገውን ታሪክ፣ ለልጆቻችሁ ካልነገራችኋቸው አንድ ማታ መድቡና ንገሯቸው። እሱ ከእስር ሳይወጣ በባዕድ አገር ሞተ። አንበሳው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ነጻነት ከተመለሰ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ተተከለ። ዛሬም እዚያው ነው። ታክሲ ጠባቂ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

እስካሁን የነገርኳችሁ የነገሥታቱን ነው። ጣቢያን ጣቢያ የሚያደርገው ግን ተሸካሚው ነው።

የአባቴ ወንድም የስማዳ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከወገዳ ተነሥቶ በእግሩ ወሎን አቋርጦ ደሴ ገባ፤ ከደሴ በጭነት መኪና አዲስ አበባ። ያን ጊዜ ከወረታ ወልድያ የሚወስደው፣ እኛ “የቻይና መንገድ” የምንለው ገና አልተሠራም። ለገሃር ዕቃ ማራገፊያ በኩሊነት ተቀጠረ። “አያ” እንለው ነበር። ለትምህርት ስመጣ ያረፍኩት እሱ ቤት ነው፤ ከጣቢያው ጀርባ፣ ግድግዳው በባቡሩ ፉጨት የሚንቀጠቀጥ አንድ ክፍል።

አያ ፊደል አልቆጠረም፤ ነገር ግን የአገሪቱን ንግድ በትከሻው ያውቀዋል። የሚወርደው ጨው፣ ጨርቅ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፤ የሚጫነው ቡናና ቆዳ። “ቆዳ ይሸታል፣ ቡና ይከብዳል፣ ጨው ይበላል” ይለን ነበር። ጨው ይበላል ያለው ላቡ ላይ ሲያርፍ ቆዳውን መላጡን ነው። የቡና ጆንያ ስድሳ ኪሎ ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸከም እኔ እቆጥርለት ነበር፣ እሱ አይቆጥርም። አምሳ ዓመት ሳይሞላው ወገቡ ሄደ። በኋላ ነርስ ሆኜ ሳየው የጀርባ አጥንቱ መሐል ያለው ልስልስ አካል ተንሸራትቶ ነርቩን ይጫነው ነበር፤ ብሽሽቱም ላይ ቡአ ወጥቶበታል። ሁለቱም የከባድ ሸክም በሽታዎች ናቸው። ዛሬ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ የሚሸከም ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን አትናቁት። ጉልበትን አጥፎ ከእግር ማንሣት፣ ጭነቱን ከገላ ጋር ማስጠጋት፣ ለሁለት መሸከም በነጻ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ያኔ ይህን የሚነግረው አልነበረም።

እሱ ግን ጣቢያውን አያማም። ሦስት ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ሥራ ነው። ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከታች ጋይንት የመጣ ወጣት ሁሉ “የወገዳው ሰውዬ” እያለ ይፈልገው ነበር። ክረምት ላይ በአንድ ክፍል አሥር ሰው አድሮ አውቃለሁ። ከአገር ቤት የመጣ በሶና ጭኮ ይዘረጋል፤ ወሬው መኸር፣ ዝናብ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተዳረ ነው። ጣቢያ የሌለው አገር ሰው በሌላው አገር ጣቢያ ላይ የራሱን ሰፈር ሠርቶ ነበር።

እኔም በዚያ ባቡር የሄድኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። የ1969 እና የ1970 የሶማሊያ ጦርነት መስመሩን ቆርጦት፣ ድልድዮቹ ፈርሰው ኋላ ተጠግነው ነበር። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሐረርጌ ተመድቤ ስሄድ አያ ሻንጣዬን ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ላይ ጫነልኝ፤ የመጨረሻ ሸክሙ ይመስለኛል። በእጄ የያዝኩት ግን ከሻንጣው የከበደ ነበር፤ የክትባት ሳጥን። አገር አቀፉ የሕፃናት ክትባት ከተጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። የኩፍኝና የልጅነት ልምሻ ክትባት ቅዝቃዜው ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ካልሆነ ይበላሻል። አዋሽ ሸለቆን የሚያውቅ ሰው የዚያን ሌሊት ጭንቀቴን ይረዳል። አጠገቤ የተቀመጡት የድሬዳዋ ነጋዴ ሴቶች መጀመሪያ ሳጥኑን በጥርጣሬ አዩት፤ ኮንትሮባንድ መሰላቸው። ለሕፃናት መሆኑን ስነግራቸው አንዷ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው፤ ሌላዋ የራሷን ዕቃ ወደ መተላለፊያው አውጥታ ጥላ ያለበት ጥግ ለቀቀችልኝ። አዋሽ ላይ ባቡሩ ሲቆም፣ ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለው የጣቢያው ምግብ ቤት ሰዎች አንድ ሳህን በረዶ ሰጡኝ፤ ሒሳብ አልተቀበሉም። ድሬዳዋ ስደርስ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ሰባት ያሳይ ነበር። ያን ቁጥር አልረሳውም።

ድሮ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር ይባላል። መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። የአዋሹ ቡፌ የተከፈተውም ለዚሁ ነው። ጣሊያኖች ሊቶሪና የሚሉትን በናፍጣ የሚሄድ ፈጣን ፉርጎ ካመጡ ወዲህ ጉዞው አጠረ።

ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ያ ባቡር አዋሽ አቅራቢያ፣ መታጠፊያ ላይ ካለ ድልድይ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ከሐዲዱ ወጣ። ከአምስቱ ፉርጎዎች አራቱ ገደል ገቡ። ቢያንስ 428 ሰው ሞተ፤ አምስት መቶ ያህል ቆሰለ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ተብሎ ይጠቀሳል። ያን ሰሞን እኔ ወደ አገሬ ተመልሼ እብናት በረሃብተኞች መጠለያ ነበርኩ። በየማለዳው የምንቆጥረው የራሳችን ሬሳ ስለነበር ዜናውን በራዲዮ ሰምተን ዝም አልን። ያን የነጠላ ባለቤት ያሰብኳት ማታ ላይ ነው። ሥራዋ መንገድ ነበር፤ ስሟን አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የመድከም ታሪክ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። የጭነት መኪናው በረታ፣ ሐዲዱ አረጀ፣ ፉርጎው መለዋወጫ አጣ። ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ባቡር ለገሃር መግባቱን ተወ። የባቡር ሠራተኞች ጡረታ ወጡ፤ ፈረንሳይኛ የሚቀላቅሉ፣ ሰዓት አክባሪ ሽማግሌዎች ከሰፈሩ አንድ በአንድ አለቁ። ወጣቶቹ “ሸመንደፈር” የሚለውን ቃል የሚያውቁት በዘፈን ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አንዱን ፌርማታ ለገሃር አሉት፤ ስሙ ተረፈ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣቢያው ዙሪያ ያለው 36 ሄክታር ያህል መሬት በአንድ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኩባንያ አዲስ መንደር እንደሚሠራበት ይፋ ሆነ። ነባሩ ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ያኔ ተነግሯል። ሕንፃ መጠበቁ ደግ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ከጀርባው ያሉት እንደ አያ ያሉ ሰዎች ታሪክ ነው፤ እሱን በቅርስነት የሚመዘግብ አላየሁም። በቤታችሁ የባቡር ሠራተኛ፣ ኩሊ፣ ቲኬት ቆራጭ፣ ጣቢያ ላይ ሻይ ያፈላች እናት ካለች፣ ጉልበቷ ሳይደክም ልጆቹ በስልካቸው ድምጿን ይቅዱ።

አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ቻይናዎች የሠሩት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲም ተኩል የሆነ መስመር ነው። ሰው የሚሳፈርበት ጣቢያ ግን ለገሃር አይደለም፤ ለቡ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ጣቢያው እንደገና ከከተማ ዳር ወጣ። ለጭነቱ ይህ ይሻል ይሆናል። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ጉልበቱን የሚያመው አባት ግን ባቡር ላይ ለመውጣት በመጀመሪያ ሁለት ታክሲ መያዝ አለበት። ዕድሜያችሁ እንደ እኔ ከሆነ ማለዳ ሳይሆን ከዋዜማው አስቡበት፤ መድኃኒታችሁንም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙ።

የእኛስ አገር? በባቡር ዕቅዱ ካርታ ላይ ወልድያና ወረታ በመስመር ተያይዘው አይቻለሁ። በመካከላቸው ያለው መሬት የእኛ ነው፤ ጨጨሆ፣ ነፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ የሚሄደውን መስመር አንድ የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ጀምሮት ነበር። የኮምቦልቻው ምዕራፍ መደበኛ ሥራ ሳይጀምር ጦርነቱ ደረሰበት። ስለዚህ እኔ በሕይወቴ ጨጨሆ ላይ ፉጨት እሰማለሁ ብዬ አልጠብቅም። ከስማዳ ገጠር ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ደብረ ታቦር ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ክረምት ላይ ጭቃ የያዘው መኪና ውስጥ እናት ስትደማ አይቻለሁ። የሚያስፈልገን ሐዲድም ይሁን የጠጠር መንገድ፣ አምቡላንስ የማይቆምበት ነገር ነው። ሐዲዱ ከመጣ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚመጣውን ሁሉ የሚጠብቅ ጤና ጣቢያ አጠገቡ ይተከል፤ ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ስም የያዙት በከንቱ እንዳይሆን።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ልጅ ከአርብ ገበያ መጣች፤ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ። ባቡር ማየት ስለፈለገች ለቡ ድረስ ሸኘኋት። ጥሬና ቆሎ ቋጥሬላት፣ ውኃ እንዳትረሳ ነግሬያት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ አያ መንገድ ላይ ነግሬያት ነበርና “እትዬ፣ ሻንጣዬን እኔው ተሸከምኩት” ብላ ሳቀችብኝ። ማታ ላይ ደወለች።

“ደረስሽ?” አልኳት።

“ደርሻለሁ እትዬ። ግን እዚህም ጣቢያው ከከተማው ውጪ ነው፤ ባጃጅ እየፈለግሁ ነው።”